በዘጌ ደን የልደትን ጧፍ ስንሠራ

ወርኃ ታኅሣሥ በገባ ጊዜ የሀገራችን ሰማይ ይጠራል፤ ሌሊቱ ይበርዳል፤ በደጋውም ውርጭ ይወርዳል። መኸሩ ተሰብስቦ እህሉ ከአውድማ ወደ ጎተራ በሚገባበት በዚህ ወራት፣ ምእመናን ከኅዳር 15 ቀን ጀምረው በጾመ ነቢያት የጌታችንን ልደት ይጠባበቃሉ። ነቢያት ብርሃንን በተስፋ እንደ ጠበቁ፣ እኛም በዓሉን የምንጠብቀው እጃችንን አጣጥፈን እንዳይሆን በማሰብ፣ በ2011 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር የአንድ ጽዋ ማኅበር ወዳጆች ከነቤተ ሰቦቻችን ወደ ዘጌ ወረድን። አሳባችንም ሦስት ቀን በደኑ ውስጥ ተቀምጠን በልደት ሌሊት የሚበራውን ጧፍ በገዛ እጃችን ለመሥራት ነበር።

ዘጌ በጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ ወደ ውኃው ዘልቆ የገባ፣ በሦስት ወገን ሐይቅ የከበበው ምድር ነው። ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የሚገኝ ስለ ሆነ የታኅሣሥ ንጋት ነፋሱ ጋቢ ያስደርባል። በመንገዳችንም ከደንገል በታሰሩ ታንኳዎች የሚቀዝፉ ሰዎች በጉም ውስጥ ሲያልፉ አየን።

ከጀልባው ወርደን ጥቂት እንደ ተራመድን ፀሐዩ ከላያችን ጠፋ። በረጃጅም ዛፎች ጥላ ሥር ቡናው ቀይ ፍሬውን ይዞ ቆሟል፤ ጌሾውና ሎሚውም ከመካከሉ ይታያል። የአገሩ ሰዎች እንደሚተርኩት እነዚህ ሦስቱ አትክልት የተገኙት የዘጌን ገዳም ከመሠረቱት ከአቡነ በትረ ማርያም በትር ነው። ጻድቁም ምድሩ በበሬ እንዳይታረስ፣ ዛፉም እንዳይቈረጥ ማዘዛቸው በትውፊት ይነገራል። በዙሪያው ያለው አገር ለእርሻ ሲመነጠር ዘጌ በልምላሜ የቆየው በዚህ ሥርዓት ነው። ዩኔስኮ የጣናን ሐይቅና አካባቢውን በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የመዘገበው በ2007 ዓ.ም. ነው፤ የዘጌ አባቶች ግን ከዚያ አስቀድመው ደናቸውን በቃለ ግዝት ጠብቀውት ኖረዋል።

ያረፍነው በአንድ የአገሩ ሰው ግቢ ሲሆን፣ ሥራውን የመሩን ዕድሜያቸውን በቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የፈጸሙ አንድ አረጋዊ አባት ነበሩ። በጾም ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለ ሆነ ማለዳውን ለሥራ፣ ከቀትር ወዲያ ያለውን ለጸሎት አደረግነው። ማታ ማታ ዳቦ በሽሮ እየበላን፣ ቡና እየጠጣን፣ ልጆች ትምህርታቸውን ይጠይቁ ነበር።

የሥራው መጀመሪያ ሰሙን ማጥራት ነው። በየቤታችን ጠጅ ሲጠመቅ የሚቀረውን ሰፈፍ ከመስከረም ጀምረን አጠራቅመን ነበርና ውኃ ባለበት ድስት ጨምረን በለዘብተኛ እሳት ጣድነው፤ እሳት ከበዛበት ሰሙ ይጠቁራል። ሲቀልጥ በንጹሕ ጨርቅ ጠለልነው። በቀዘቀዘም ጊዜ ሰሙ ከውኃው በላይ እንደ ቢጫ ቂጣ ረግቶ ተገኘ።

በዚህ መካከል እናቶች ባዘቶውን ይዘው እንዝርታቸውን ያሾሩ ነበር። ፈትሉ ከወፈረ ጧፉ ይጨሳል፤ ከቀጠነም ነበልባሉ በቀለጠው ሰም ተውጦ ይጠፋል። ስለዚህ ልኩን የሚያውቁት እጆች ብቻ ናቸው። ከእኛም መካከል ይህን ልክ የሚያውቁ ሁለት አሮጊቶች ብቻ ነበሩ። ወጣት ሴቶች ልጆች እንዝርቱን ሲቀበሏቸው ክሩ ሃያ ጊዜ ተበጠሰ፤ በሁለተኛው ቀን ግን ረጋ። ከዚያም ፈትሉን በቀለጠው ሰም ውስጥ እየሳብን በገመድ ላይ ሰቀልነው፤ ሲደርቅ እንደ ገና እየነከርን ልኩ እስኪደርስ ደጋገምነው። በመጨረሻም በለስላሳ ሳንቃ ላይ እያንከባለልን አቃናነው።

ከወዳጆቻችን አንዱ፣ «አባቴ፣ ይህ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው? በከተማ በጥቂት ገንዘብ ይገኝ የለምን?» ብሎ ጠየቀ። እርሳቸውም ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዱን።

የኡራ ኪዳነ ምሕረት መቅደስ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሸፈነ ነው። ጥላሸት የሚበዛበት መብራት እንዲህ ያለውን ሥዕል ዓመት ከዓመት እያጠቆረ ይሄዳል። በገበያ ከሚሸጠው ሻማ አብዛኛው ከነዳጅ ዘይት ከሚወጣ ፓራፊን የተሠራ፣ ወይም ፓራፊን የተቀላቀለበት ነው። ንጹሑ የንብ ሰም በሽታው ማርን ያስታውሳል፤ በእጅ ሙቀትም ይለዝባል እንጂ አይፈረፈርም። «ንቢቱ ለአንድ ጧፍ ስንት አበባ እንደምትዞር ብታውቁ፣» አሉን አባ፣ «ለእግዚአብሔር የምታቀርቡትን ስትመርጡ ትጠነቀቁ ነበር።»

ወንዶች ልጆች ደግሞ የገና ዱላ ፈለጉ። አንዱም ጫፉ የቈለመመ ለጋ የወይራ ቅርንጫፍ አይቶ ቢላዋውን አወጣ። አባ ግን ክንዱን ያዙትና፣ «ልጄ፣ ከዚህ ደን ዛፉ የጣለውን እናነሣለን እንጂ ያልጣለውን አንወስድም» አሉት። ልጁ አኰረፈ፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ፈልጎ የወደቀ ደረቅ ቅርንጫፍ አገኘ፤ እስከ ማታም ሲልግ ዋለ። አባ በኋላ ለእኛ ብቻ እንደ ነገሩን ሥርዓቱ ራሱ ፈተና ላይ ወድቋል። የቡናው ገቢ ያልበቃው ደኃ ቤተ ሰብ እንጨት ቈርጦ በታንኳ ጭኖ ወደ ባሕር ዳር ለሽያጭ ይወስዳል። የተራበን ሰው በግዝት ብቻ ማስቆም እንደማይቻል ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

ወዳጆች ሆይ፣ ጧፉ የሚመጣው ከሰም ነው፤ ሰሙ ከንብ፣ ንቧም ከአበባ፣ አበባውም ከዛፍ። ዛፉ የጠፋ ዕለት መብራታችንም የተገዛ ጭስ ይሆናል። እኛ ከሠራነው ጧፍ እኩሌታውን ለዚያው ደብር ሰጠን፤ እኩሌታውን ወደየቤታችን ወሰድን፤ የዘጌንም ቡና በተገቢው ዋጋ ገዛን፤ ይህ መጥረቢያውን ጥቂት ያዘገየው ይሆናልና።

ወደ ዘጌ መሄድ የማይቻለው ቤተ ሰብ ይህን በግቢው ሊያደርገው ይችላል። ሰፈፉን አትጣሉት። አያት በሕይወት ሳለች ልጆችን ከእንዝርቷ አጠገብ አስቀምጧቸው። በደጃችሁም ለንብ አበባ የሚሰጥ አንድ ዛፍ ትከሉ። የነቢያትን ተስፋ የፈጸመ አምላክ ጾሙን በሰላም አስፈጽሞ፣ በንጹሕ ብርሃን ለልደቱ ያድርሰን፤ አሜን።