የአትክልተኛው ሣጥን

በለንደን ከተማ በርሞንድሴ በሚባለው ሠፈር፣ ሰማዩ ገና ሳይገላለጥ የሚቆም የአሮጌ ዕቃ ገበያ ነበር። ነጋዴዎቹ የብር ማንኪያውን፣ መቁጠር ያቆመውን የግድግዳ ሰዓት፣ ባለቤቱ የማይታወቀውን ከዘራ ሳይቀር በየጠረጴዛው ይደረድሩ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1981 ዓ.ም. አሮጌ ፎቶግራፎችን የሚሰበስብ ሾን ሴክስተን የተባለ ሰው ከዚህ ገበያ አንድ ሣጥን ገዛ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።)

ሣጥኑ ሲከፈት የተገኙት በመቶ የሚቈጠሩ ፎቶግራፎች ነበሩ። ንጉሥ፣ የጦር አለቃ፣ ሙሽራ ወይም ሕፃን አልነበረባቸውም። የነበሩት ሽንኩርት፣ ጎመን፣ አተር፣ ባቄላ፣ ፖምና ፕሪም፣ ጥቂትም አበቦች ናቸው። በፎቶግራፎቹ ጀርባ የአትክልቱ ስምና ዝርያ በእጅ ጽሑፍ ሰፍሯል፤ አንዱ ሎንግፖድ የተባለ ባቄላ፣ ሌላው ሌሚንግተን የተባለ ብሮኮሊ። ከዚያ አጠገብ ሁለት ፊደሎች፣ በጥቂቶቹ ላይ ደግሞ ሙሉ ስም ተጽፏል፤ ቻርልስ ጆንስ።

ይህን ስም በዝነኛ ፎቶግራፍ አንሺዎች መካከል የሚያውቀው አልነበረም። ጆንስ በ1866 ከአንድ ሥጋ ነጋዴ ቤት የተወለደ እንግሊዛዊ ነው። በሙያው አትክልተኛ ሲሆን በልዩ ልዩ የባለጸጎች ግቢ ተቀጥሮ ሠርቷል፤ ከእነዚህም አንዱ በደቡብ እንግሊዝ፣ በሳሴክስ የሚገኘው ኦት ሆል ነው። በ1905 አንድ የአትክልተኞች መጽሔት ስለ ግቢው ሲጽፍ የሰውየውን ትጋት አመስግኗል። ምስጋናው ግን ለመኰትኰቻውና ለመቀሱ እንጂ ለካሜራው አልነበረም።

በጆንስ ዘመን ፎቶግራፍ ማንሣት ለተራው ሰው እየቀለለ መጥቶ ነበር። አሜሪካዊው ጆርጅ ኢስትማን በ1888 ኮዳክ የተባለውን ካሜራ ለገበያ አቀረበ። በውስጡ መቶ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ጥቅል ፊልም አስቀድሞ ስለሚገባበት፣ ገዢው ፊልሙን ሲጨርስ ካሜራውን እንዳለ ወደ ፋብሪካው ይልከው ነበር። በ1900 ደግሞ ብራውኒ የተባለው ሣጥን መሰል ካሜራ በአንድ ዶላር ይሸጥ ጀመር። አማተር የሚባለው፣ ማለትም ለእንጀራው ሳይሆን ለፍቅሩ ብቻ ፎቶግራፍ የሚያነሣው ሰው በብዛት የተፈጠረው በዚያን ጊዜ ነው።

አትክልተኛው ግን የሠራው በመስታወት ነበር። ብርሃን የሚያጠቁረው የብር ውህድ የተቀባበት መስታወት በጨለማ ውስጥ ካሜራው ላይ ይገባል፤ አንዱ መስታወት የሚይዘው አንድ ምስል ብቻ ነው። ከተነሣ በኋላ በጨለማ ክፍል ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ከዚያም በወረቀት ላይ ይታተማል። መስታወቱ ይከብዳል፤ ይሰበራል፤ ገንዘብም ያስወጣል። እንዲህ ባለ መሣሪያ የሚሠራ ሰው ዓይኑ ያረፈበትን ሁሉ ለማንሣት አይቸኩልም። ከመቶ ሽንኩርት ሦስቱን ይመርጣል፤ አፈሩን ያራግፋል፤ የትኛው ጐን ወደ ብርሃኑ ቢዞር እንደሚሻል ደጋግሞ ያያል።

የጆንስን ፎቶግራፎች ያየ ሰው ይህን ትዕግሥት ወዲያው ያስተውላል። ከአትክልቱ በስተኋላ ጥቁር ወይም ነጭ መደብ እንጂ ሌላ ነገር የለም። አትክልቱ ብቻውን፣ የተከበረ ሰው ለሥዕል ሲቀመጥ እንደሚቀመጥ ሆኖ ይታያል። የሽንኩርቱ ሥር ላይ የቀረችው ቀጭን ጭራ፣ በጎመኑ ቅጠል ላይ እንደ ወንዝ ገባሮች የተከፋፈሉት ጅማቶች፣ የተፈለፈለው አተር በቅርፊቱ ውስጥ በሰልፍ የተቀመጠበት ሁኔታ ሁሉ በግልጽ ይነበባል። አስደናቂ ነገር ለመፍጠር የተደረገ ሙከራ ግን አይታይበትም። ዘሩን የዘራው፣ ውሃ ያጠጣው፣ ውርጭ እንዳይመታው የተጨነቀለት ያው ሰው ነውና፣ ጆንስ የሚያነሣውን ነገር ከማንም ይልቅ ያውቀው ነበር። ይህ ዕውቀት ከካሜራው ዋጋ ይበልጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የሚያሳዝነው የመስታወቶቹ መጨረሻ ነው። ከቤተሰቡ እንደ ተሰማው፣ ጆንስ በስተርጅናው እነዚያን ምስል የያዙ መስታወቶች ለጋ ችግኞችን ከብርድ ለመከላከል በአትክልቱ ቦታ ላይ እንደ ክዳን ይጠቀምባቸው ነበር። ችግኞቹ በአያቶቻቸው ምስል ሥር አደጉ ማለት ነው። አንዳንድ ሰው በዚህ ይስቅ ይሆናል፤ ለአትክልተኛ ከችግኝ የሚበልጥ ምን አለ? ሆኖም ሥራውን የሚያሳየው ወዳጅና የሚጠይቀው ባልንጀራ ቢኖረው ኖሮ መስታወቶቹን ለብርድ መከላከያ ባላደረጋቸውም ነበር ብሎ ማሰብ ይቻላል። ጆንስ በ1959 አረፈ፤ ሣጥኑ የተገኘው ከ22 ዓመት በኋላ ነው። ፎቶግራፎቹ በመጽሐፍ ታትመው ብዙ ሰው እጅ የገቡት ደግሞ በ1998 ነው።

ከጆንስ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በ1865፣ በአሜሪካ ቨርሞንት በተባለው ክፍለ ግዛት ሌላ ሰው ተወልዶ ነበር፤ ዊልሰን ቤንትሊ። መንደሩ በመጽሐፍ ቅዱስ በምትገኘው በኢያሪኮ ስም የተሰየመች ናት። ቤንትሊ ገበሬ ነበር፤ ላሞች ያልባል፣ መሬት ያርሳል። ክረምት ሲገባ ግን ልቡ ከሰማይ በሚወርደው በረዶ ላይ ነበር። ይህ በረዶ በአገራችን ክረምት ጣራ እንደሚደበድበው ጠጠር ሳይሆን፣ እንደ ተባዘተ ጥጥ ቀስ ብሎ የሚወርደው ነው። ቤንትሊ ካሜራውን ከማይክሮስኮፕ ጋር አገጣጥሞ፣ ጥር ወር በገባ በ15ኛው ቀን 1885 የአንዲትን የበረዶ ቅንጣት ፎቶግራፍ አነሣ። ያን ጊዜ ሃያ ዓመት አልሞላውም። ቅንጣቷ በትንፋሽ ሙቀት ስለምትቀልጥ ትንፋሹን ውጦ፣ በማይሞቅ ክፍል ውስጥ በፍጥነት መሥራት ነበረበት።

በዕድሜው ሙሉ ከ5000 በላይ ቅንጣቶችን አንሥቷል። ጎረቤቶቹ በረዶን ፎቶግራፍ የሚያነሣ ገበሬ ምን ዓይነት ሰው ነው እያሉ መገረማቸው አልቀረም። እርሱ ግን ያየውን ለራሱ አልደበቀም፤ በመስታወት ላይ ያተመውን ምስል በአምስት ሳንቲም ለትምህርት ቤቶችና ለጠያቂዎች ይሸጥ ነበር። ለካሜራና ለመስታወት ያወጣው ወጪ ከዚህ ገቢ ጋር የሚመጣጠን አልነበረም። በ1931 ከ2400 የሚበልጡ ፎቶግራፎቹን የያዘ መጽሐፍ ታተመለት፤ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ በሳንባ ምች ሞተ። ከአትክልተኛው የሚለየው በችሎታ ወይም በትጋት አይደለም። የአንዱ ሥራ በሕይወቱ ሳለ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ፤ የሌላው በሣጥን ተዘግቶ በዕድል ተረፈ።

በኢትዮጵያ ከጓሮ የጠፋ የፎቶግራፍ ጉዳይ የለም። ዋና ከተማችን በ1886 ስትቈረቈር ስሟን ያገኘችው ከአበባ ነው። መስከረም ሲጠባ በአደይ አበባ መካከል ቆሞ ፎቶግራፍ የማይነሣ ወጣት ጥቂት ነው። ሆኖም ያቺው አበባ ነሐሴ ላይ፣ ገና ቅጠል ብቻ ሳለች፣ የሚያነሣት አይገኝም። ሰው ሁሉ በፈካችበት ሰሞን ያያታል፤ ከዚያ በፊት እንደ አረም ይረግጣታል። በደጋ አገር እሬት ሲያብብ ደግሞ፣ ሳይንስ በተከዜ ወንዝ ስም የሰየማት፣ ምንቃሯ እንደ ማጭድ የጐበጠ ትንሽ ወፍ አበባውን ለመቅሰም ትመጣለች። ወንዱ በጥላ ሥር ጥቁር ይመስላል፤ ፀሐይ ስታገኘው ግን ሐምራዊና አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ይህን ለመያዝ የሚፈልግ ሰው ከእሬቱ አጠገብ ረጅም ጠዋት መቀመጥ ይኖርበታል።

ፎቶግራፍን ለወዳጅ ማሳየት ምስጋና ለማግኘት ብቻ አይደለም፤ መታረሚያም ነው። አንድ አማተር በደጁ የቆመውን ዛፍ አንሥቶ «የሐበሻ ጥድ» ብሎ ቢጽፍበት፣ ከጓደኞቹ መካከል ዛፍ የሚያውቅ አንዱ ፍሬውን ተመልክቶ ሊያርመው ይችላል። የሐበሻ ጥድ ፍሬ ትንሽና ለስላሳ ሲሆን፣ የፈረንጅ ጥድ ፍሬ ግን እንደ እንጨት የጠነከረ፣ ሲደርቅም የሚሰነጣጠቅ ነው። ይህን አንድ ጊዜ የተማረ ሰው በሁለቱ ዛፎች ሥር ዳግመኛ ሳያስተውል አያልፍም።

በዛሬ ጊዜ ካሜራ በእጅ ስልክ ውስጥ ስለሚገኝ መስታወት መሸከምም ፊልም መግዛትም ቀርቷል። አንድ ሰው በአንድ ጠዋት ጆንስ በዕድሜው ካነሣው የበለጠ ሊያነሣ ይችላል። ነገር ግን ስልኩ የወደቀ ወይም የተሰረቀ ዕለት ምስሉ ሁሉ አብሮ ይጠፋል፤ ያልጠፋውም ቢሆን ስም ስለሌለው፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ አንሺው ራሱ የትኛው ቅጠል ከየት እንደ ተነሣ አያስታውስም። ከዚህ የከፋ ደግሞ አለ። የወፍ ጎጆ በደንብ እንዲታይለት ሲል የሸፈነውን የእሾህ ቅርንጫፍ የሚቆርጥ ፎቶግራፍ አንሺ፣ ጫጩቶቹን ለፀሐይና ለቁራ አሳልፎ ይሰጣል። ምስሉ ቢያምርም ጎጆው ባዶ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ሰው የተፈጥሮ ወዳጅ ብሎ መጥራት አስቸጋሪ ነው።

አንድ ወጣት በበዓል ሰሞን ወደ አያቱ ቤት ሄዶ በጓሮ ያለውን ሁሉ ማንሣት ጀመረ፤ ጤና አዳሙን፣ በሶብላውን፣ ከአጥሩ ሥር የበቀለውን ጌሾ። አያቱ ካሜራ መያዙን ባዩ ጊዜ ነጠላቸውን ሊለውጡ ወደ ቤት ገቡ። ተመልሰው ሲወጡ ልጁ ጀርባውን ሰጥቷቸው በጌሾው ፊት ተንበርክኳል።

«ደግሞ ጌሾ ምኑ ይነሣል?» አሉና ሳቁ።

ልጁ አፈር አለና የቅጠሉን ምስል አሳያቸው። እማማ ራቅ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፈን ከፈት እያደረጉ ተመለከቱት። ቅጠሉ ላይ የምትታየውን የጅማት መስመር በጣታቸው ተከተሏት። ከዚያም ፊታቸው ኮስተር አለ።

«ቅጠሉን ብቻ ምን ያደርግልሃል፣ ልጄ? እንጨቱንም አንሣ እንጂ። ጠጅ የሚጣለው በእንጨቱ ነው።» ቅርንጫፉን በእጃቸው ዝቅ አድርገው ያዙለት። «ስሙንም ጻፍበት፤ ኋላ የምን እንጨት ነው እንዳትል።»

ወጣቱ ጎንበስ ብሎ እንጨቱን፣ ከያዙት ጣቶች ጋር አነሣው።