መሃሉን ፍለጋ

ልጅ ሳለሁ የቤታችንን ማብሪያ ማጥፊያ መሃሉን እፈልግ ነበር። አምፖሉ በርቶም ጠፍቶም የማይሆንባት አንዲት ቦታ መኖር አለባት ብዬ፣ ጣቴን አስደግፌ በጣም ቀስ እያልኩ እጫነዋለሁ። አንድም ቀን አላገኘኋትም። ምንም ሳይሆን ይቆይ ይቆይና ድንገት «ቀጭ!» ብሎ ከጣቴ ቀድሞ ይሄዳል።

አጎቴ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበሩ። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ቦርሳቸውን ይዤ እከተላቸዋለሁ፤ ካቻቢቴ ሲሉኝ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ ሲሉኝ ፒንሳ አቀብላለሁ። አንድ ቀን፣ «ጋሼ፣ የማብሪያ ማጥፊያ መሃሉ የት ነው?» አልኳቸው። ሳቁና ከቦርሳው አሮጌ አውጥተው፣ ሽፋኑን ፈተው መዳፌ ላይ አስቀመጡት። «በል አሁን እያየህ ግፋው።»

ከመጫኛው ሥር የስክሪፕቶ ሞላ የምታህል ትንሽ ሞላ አለች፤ ከሷ በታች ወዲያና ወዲህ የምታጋድል የናስ ምላስ። መጫኛውን ስገፋ ሞላዋ ትጨመቃለች፤ ምላሷ ግን ንቅንቅ አትልም። የሞላዋ ጫፍ መሃሉን ሲያልፍ ምላሷ በአንዴ ተወርውራ ማዶ ታርፋለች። ደጋግሜ ሞከርኩት። ጣቴ እንደ ኤሊ ቢያዘግምም የሷ ዝላይ ያው ነው።

«ጉልበቱን የምታዋጣው አንተ ነህ፤ ፍጥነቱ የሞላዋ ነው» አሉኝ።

ቀጥለው ሞላው የደከመ፣ ናሱ ጠቁሮ የተበላ ሌላ አሳዩኝ። ኤሌክትሪክ እያለፈባቸው ሁለት ብረቶች ሲለያዩ ክፍተቱን ዘሎ እንደሚሻገር፣ ብየዳ ቤት እንደማየው ያለ ብልጭታ እንደሚፈጥር፣ መለያየቱ ከዘገየ ደግሞ ያ እሳት ናሱን እንደሚበላው የተማርኩት ያን ቀን ነው።

ካደግኩ በኋላ ያቺን ሞላ ተከትዬ ብዙ አነበብኩ። እንግሊዛዊው ጆን ሄንሪ ሆምስ በ1884 እ.ኤ.አ. ኒውካስል ውስጥ በሞላ ፈጥኖ የሚለያይ ማብሪያ ማጥፊያ ሠራ። የዛሬው የቤታችን ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 100 ጊዜ ዜሮ ላይ ስለሚደርስ ብልጭታው የሚሞትበት ፋታ አለው። በዚያ ዘመን ይሠራበት የነበረው፣ አቅጣጫውን የማይለዋውጠው ዲሲ ኤሌክትሪክ ግን እንዲህ ያለ ፋታ ስለማይሰጥ፣ ፈጥኖ መለየት ግድ ነበር። በ1932 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካ፣ ፍሪፖርት ውስጥ ፒተር ማክጎል ሥራውን ስስ ዝርግ ሞላ ላይ አሳረፈው፤ በፀጉር ስፋት ንክኪ የሚዘል ትንሽ ስዊች ተወለደ። የኮምፒውተር ማውስ ስንጫን የምንሰማት «ቀጭ» የዚያ ቤተሰብ ድምፅ ናት።

አጎቴ አሁን አርጅተዋል። ባለፈው ልጠይቃቸው ሄጄ ሲመሽ መብራቱን ላብራ ብዬ ብነሳ፣ «ተው፣ እኔው» ብለው ግድግዳውን ተደግፈው ሄዱ። የሚንቀጠቀጠው ጣታቸው መጫኛው ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ «ቀጭ» አለ፤ ቤቱም በአንዴ፣ ሳይንቀጠቀጥ፣ በራ።