«ሮምን አዳረስኳት» አትበሉኝ

ዛሬ እንግዳዬ «ሮምን እኮ አዳረስኳት» ብሎኝ ሻንጣውን መሸካከፍ ሲጀምር፣ እጁን ይዤ ሜትሮ ኤ ላይ ጫንኩት። ኮሎሴዮን፣ ትሬቪንና ቫቲካንን አይታችሁ ከተማዋ ያለቀች ለሚመስላችሁ ሁሉ እላለሁ፦ እባካችሁ ፖርታ ፉርባ ውረዱ።

ኳድራሮ ገባን። ዝቅ ዝቅ ያሉ ቤቶች፣ ገመድ ሙሉ ልብስ፣ ግድግዳ ሙሉ ሥዕል። አንዲት እናት መስኮታቸው ላይ በሶብላ ውኃ ያጠጣሉ፤ ሽታው መንገዱን ሞልቶታል። እንግዳዬ ቆሞ አየሩን ማገው። በፈረንጆቹ ኤፕሪል 17 ቀን 1944 ጀርመኖች ይህን ሰፈር ከበው ወንዶቹን ከየቤቱ እየለቀሙ ለጉልበት ሥራ ወደ ጀርመን እንዳጋዟቸው ስነግረው ዝም አለ።

ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ከኮሎሴዮ ፊት ለፊት ሁላችሁም ፎቶ የተነሣችሁበት ያ ሰፊ ጎዳና በ1932 የተመረቀው፣ ሙሶሊኒ ሰው የሚኖርበትን ሰፈር አስፈርሶ ነው። ነዋሪው ቤቱን እያጣ፣ ብዙው ቦርጋታ ወደሚባሉት የከተማዋ ዳር ሰፈሮች ተገፋ። የሮምን ሰው የምትፈልጉ ከሆነ እንግዲህ ወዴት እንደምትሄዱ ታውቃላችሁ።

ሙሶሊኒን ካነሣሁ አይቀር አንድ የሚያንገበግበኝን ልናገር። በሰሜን በኩል፣ ሊቢያ በሚባለው የሜትሮ ጣቢያ ዙሪያ፣ «የአፍሪካ ሰፈር» የሚሉት አለ። ቪያሌ ኤርትራ፣ ቪያሌ ኢትዮጵያ፣ ቪያ ላጎ ጣና፣ ፒያሳ ጎንደር። እዚያ ቤት ልከራይ የሄድኩ ጊዜ አከራዩ «አገርህ የት ነው?» አሉኝ። «ጎንደር» አልኩ። «እሱ ደግሞ የት ነው?» አሉ! ፒያሳ ጎንደር ከደጃቸው ነው። ሽማግሌው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ቡናም አፍልተውልኛል። ግን የትውልድ አገሬን ስም ዕድሜ ልካቸውን በአድራሻቸው ላይ ሲጽፉ ኖረው፣ ማን እንደሰየመውና ለምን እንደሰየመው የነገራቸው የለም። ሳን ጆቫኒ አጠገብም ቪያ ዴል አምባ አራዳም አለ። በ1936 የሙሶሊኒ ጦር በራስ ሙሉጌታ ጦር ላይ መርዝ ያዘነበበት አምባ! ሰው በዚያ መንገድ አይስክሬሙን ይዞ ያልፋል። ይብላ፣ ደስ ይበለው፤ ግን ቀና ብሎ ያንብብ። ልጆቻችሁንም ስትወስዱ አስነብቧቸው።

ወደ እንግዳዬ ስመለስ፣ ትኬቱን ሊያራዝም ነው። ነገ ኮርቪያሌ እንሄዳለን፤ አንድ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ አንድ ሕንፃ፣ ውስጡ ሺዎች የሚኖሩበት። እግር ያላችሁ ኑ። አሁን ግን ንዴቱም ወጣልኝ፣ ባትሪዬም አለቀ። ደህና እደሩ።