ከሳሽ ወይስ ቀነስሽ?

በናይሮቢ መሃል ከተማ፣ በቶም ምቦያ ጎዳና ዳር፣ የመንገደኛውን ክብደት በጥቂት ሽልንግ የሚመዝኑ ሰዎች አሉ። ከሦስት ዓመት በፊት እናቴ የአንደኛው ቋሚ ደንበኛ ነበረች። ያኔ ዕድሜዋ 69 ሲሆን፣ ከደሴ መጥታ ከእኔ ጋር መኖር ከጀመረች ዓመት አልሞላትም። ሚዛኑ 84 ኪሎ ይላል፤ ጉልበቷ ደረጃ አላስወጣ ብሏታል፤ ስኳርም አለባት።

ሐኪሟ ክብደት እንድትቀንስ መከራት። ምክሩ ትክክል ነበር። በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው፣ ጉልበቱን የሚያመው ከባድ አዛውንት አንድ ኪሎ በቀነሰ ቁጥር፣ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበቱ ላይ የሚያርፈው ጫና በአራት ኪሎ ያህል ይቀልለታል። ለስኳሩም ለደም ግፊቱም ይበጃል።

የተሰጣትን ሁለት ገጽ የአመጋገብ መመሪያ ከእንግሊዝኛ የመለስኩላት እኔ ነኝ። የሚቀነሰውን የሚዘረዝረውን የመጀመሪያውን ገጽ ቃል በቃል ተረጎምኩት። ስለ ፕሮቲንና ስለ ጡንቻ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ የሚያትተውን ሁለተኛውን ግን «ደህና ብዪ፣ ተንቀሳቀሺ» በሚል አንድ መስመር ጠቀለልኩት። እንጀራዬ ትርጉም ነው፤ ገንዘብ የተከፈለበት ሰነድ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አልደፍርም ነበር።

ወዲያው ሁዳዴ ገባ። ሥጋው፣ ወተቱና እንቁላሉ ለ55 ቀን ቀረ፤ እናቴ በጾሙ ላይ መመሪያዬን ደርባ ሽሮውንም ምስሩንም ተወችና በጎመንና በቲማቲም ሰነበተች። ለፋሲካ 11 ኪሎ ቀንሳ ነበር። ባለ ሚዛኑ ሂሳቡን ሳይቀበል «ሆንጌራ ማማ!» አላት።

የአገራችን ሰዎች ግን «ምነው ከሳሽ?» ይሏት ጀመር። በእኛ ቋንቋ መክሳት ሕመም ሕመም የሚሸት ቃል ነው፤ የወፈረን ሰው «ተመችቶሃል» የምንል ሕዝብ ነን። እኔም «ከሳሁ አትበዪ፣ ቀነስኩ በዪ» እያልኩ አርማት ነበር። ሊቅ መሆኔ ነው!

አንድ ቀን በጂቫንጂ የአትክልት ሥፍራ አግዳሚ ወንበር ላይ አረፍ ብለን፣ ልንሄድ ስንል መነሳት አቃታት። ክንዴን ይዛ በስንት ጣር ቆመች።

«ጉልበትሽ ነው?» አልኳት።

«ጉልበቴስ ተሽሎታል፤ ጉልበት ነው ያጣሁት፣ ልጄ» አለችኝ።

ሐኪሙ የመጀመሪያ ጥያቄው ስለ ስኳሩ ኪኒን ነበር። ምግቧ ሲቀንስ ኪኒኑ ባለበት ቀጥሏል። ለካ ማለዳ ማለዳ ላብ የሚያጠምቃትና የሚያንቀጠቅጣት፣ የጾም ድካም ነው ያልነው ነገር፣ የስኳሯ ከልክ በላይ መውረድ ኖሯል። ኪኒኑን ቀነሰላት። ቀጥሎ ስለ ጡንቻዋ ነገረን። አዛውንት በምግብ ብቻ ሲቀንስ የሚሄደው ስቡ ብቻ አይደለም። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ ከመጠን በላይ የወፈሩ 107 የአሜሪካ አዛውንትን ለአንድ ዓመት የተከታተለ ጥናት አለ። በምግብ ብቻ የቀነሱት ከስብ ውጪ ካለው የሰውነታቸው ክብደት 5 በመቶ፣ ከዳሌ አጥንታቸው ጥግግት 3 በመቶ ያህል አጡ። እንቅስቃሴ የጨመሩበት ያጡት 3 እና 1 በመቶ ነው። የአካል ብቃታቸውም የኋለኞቹ በ21 በመቶ ሲሻሻል፣ የፊተኞቹ በ12 ብቻ ነበር። እርግጥ 12ም ቀላል አይደለም፤ መቀነሱ በራሱ ጠቅሟቸዋል። የመንገድ ሚዛን ግን ስብና ጡንቻን አይለይም።

ያን ምሽት ሁለተኛውን ገጽ ሙሉውን ተርጉሜ የወጥ ቤቱ በር ላይ ለጠፍኩት። ለእንደ እርሷ ያለ አዛውንት በኪሎ ክብደት በቀን ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ይመከራል። የንስሐ አባቷ ለሕመምተኛ ጾሙ እንደሚላላ ቢነግሯትም እሺ አላለችም። መፍትሔውን ራሷ አገኘችው፤ ኬንያውያን ንዴንጉ የሚሉትን አረንጓዴ ጥራጥሬ ሱቅ ውስጥ አይታ፣ «ይሄማ የወሎ ማሾ ነው!» ብላ ሁለት ኪሎ አስመዘነች። አሁን ጠዋትና ማታ፣ እጇን ሳትደገፍ፣ ከወንበር አሥር ጊዜ ትነሳለች ትቀመጣለች፤ እኔ እቆጥራለሁ።

ከቀነሰችው ሦስት ኪሎ መልሳለች። ባለ ሚዛኑ ግን በዚህ ቅር ተሰኝቷል፤ ሂሳቡንም መቀበል ጀምሯል።