ኮፈን ስር የደበቅኩት



ይህን ለመጻፍ ደጋግሜ አስቤ ተውኩት። ዛሬ የጻፍኩት ጋራዥ ለምትውሉ ወንድሞቼ ይጠቅማል ብዬ ነው። የቱቦው ጉዳይ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት መርካቶ፣ ከሶማሌ ተራ ብዙም በማይርቅ ጋራዥ እሠራ ነበር። አንድ ጠዋት እህል በረንዳ የሚነግዱ አንድ ሐጂ አሮጌ ሃይሉክስ ፒካፓቸውን ይዘው መጡ። ሞተሯ 22 አር የሚባለው ነው፤ ቶዮታ ከ1981 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሠራው፣ 2,366 ሲሲ፣ ቤንዚኑን በካርቡራተር የሚጠጣ።

«ልጄ፣ መብራት ላይ ስቆም ትንቀጠቀጥና ትጠፋብኛለች» አሉኝ።

«ችግር የለም ሐጂ፣ ለዙህር ትደርሳለች» አልኳቸው።

ኮፈኑን ስከፍት የተደፋ ፓስታ ይመስላል። ቀጫጭን ቱቦዎች እዚህም እዚያም ተጠላልፈዋል። አንዳንዱ በሙቀት ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አንዱን ሰው በግሉኮስ ቱቦ ተክቶታል፤ እሱም ሞተሩ ሲስበው ጎኖቹ ተጣብቀው ተኝቷል። ጫፋቸው የትም ሳይገባ የተንጠለጠሉም ነበሩ። የቱ ከየት ወዴት እንደሚሄድ የሚያሳየው ሥዕል በእንዲህ ያለ መኪና ኮፈኑ ውስጥ ተለጥፎ ይመጣል፤ የዚህችን ግን ቀለም የቀባት ሰው አብሮ ቀብቶታል።

ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ከቱቦዎቹ አራቱን አፋቸው ላይ ብሎን ሰክቼ በፋሸታ አሰርኳቸው። ወደ ፍሬኑ ሰርቮ የሚሄደው ወፍራም ቱቦ ስንጥቅ ነበረው፤ በናስትሮ ጠቀለልኩት። ከዚያ ካቻቢቴ አንስቼ ሚኒሞውን ከፍ አደረግኩት። (ኮፈን፣ ፋሸታ፣ ናስትሮ፣ ካቻቢቴ፣ ሚኒሞ፤ መርካቶ የሚለው ስም ራሱ ሳይቀር ጣሊያን ጥሎልን የሄደው ነው።) መኪናዋ መንቀጥቀጧን አቆመች። ሐጂ ከፈሉኝና «አላህ እጅህን ይባርከው» ብለው ሄዱ። ያቺ ዱዓ ናት እንቅልፍ የነሳችኝ።

ምክንያቱም የደፈንኩትን አውቅ ነበር። ሞተር አየር ይስባል። የካርቡራተሩ በር ሲዘጋ ከበሩ በታች የሚፈጠረው የመሳብ ኃይል ቫኪዩም ይባላል፤ ቱቦዎቹ ያንን ኃይል ወደ ሥራ ቦታው ያደርሱታል። አንዱ ዲስትሪቢዩተሩ ጎን ላይ ወዳለው ክብ ቆርቆሮ ይሄዳል። መኪናዋ ሳትጫን ስትሄድ እሳቱ ቀደም ብሎ እንዲመታ ያደርጋል፤ ከደፈንከው እሳቱ ይዘገያል፣ ሞተሩ ቤንዚን ይበላል። ሌላው ከሞተሩ ሆድ የሚወጣውን ጭስ መልሶ ይስባል፤ ሲታፈን ዘይቱ በየጎማው በኩል መውጫ ይፈልጋል። የሰርቮው ቱቦ አየር ካስገባ ደግሞ ሁለት ጉዳት አለው፤ ሚኒሞው ይዛባል፣ ፍሬኑም ይደርቃል። ሚኒሞውን ማስተካከል የመጀመሪያውን ብቻ ይሸፍነዋል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እናቴ ጤፍ ግዛ ብላ ላከችኝ። እህል በረንዳ ገብቼ ስዞር ሐጂ ጠሩኝ። ጆንያውን ከላይ ፈቱት፤ እኔ እጄን ልሰድ ስል «ከላይ ያለውን አትመልከት» ብለው ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ሰደው ከታች አፍሰው መዳፌ ላይ አደረጉልኝ። ለእኔ ብለው አይደለም፣ ለሁሉም ገዢ እንዲሁ ነው የሚያደርጉት። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ላይ በእህል ክምር በኩል ሲያልፉ እጃቸውን አስገብተው ውስጡን እርጥብ ሆኖ ያገኙበትን፣ ሻጩንም ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው የጠየቁበትን ሙስሊም የዘገቡትን ሐዲስ ሁላችንም እናውቀዋለን። እኔም ጁሙዓ ላይ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ጤፍ መዳፌ ላይ ይዤ ግን ሰምቼው አላውቅም ነበር።

«መኪናዋስ?» አልኳቸው፣ ድምፄ እየከዳኝ።

«አልሐምዱሊላህ፣ መጥፋቷን ትታለች። ፍሬኗ ግን ድንጋይ ሆኖብኛል። እግሬ አርጅቶ ነው መሰለኝ።»

በጆንያ ተጭና ቁልቁለት የምትወርድ መኪና ነች። እዚያው ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ብሎኑን፣ ናስትሮውን፣ ሚኒሞውን። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ የጆንያውን አፍ እያሰሩ «ታዲያ ነገ በጠዋት ላምጣት?» አሉ። «አይንዷት ሐጂ፣ እኔ ራሴ መጥቼ እወስዳታለሁ» አልኩ።

በማግስቱ ሌላ ሥራ አልያዝኩም። ሶማሌ ተራ ሄጄ ሙቀት የሚችል ወፍራም ግድግዳ ያለው የቫኪዩም ጎማ በሜትር ገዛሁ፣ ለሰርቮው ደግሞ አየር ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ያለውን ሙሉ ቱቦ። ከመንቀሌ በፊት እያንዳንዱን በስልክ አነሳሁት፣ ቁጥር የጻፍኩበት ወረቀትም ለጠፍኩበት። ካርቡራተሩ ላይ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አፎች መንታ ይመስላሉ፤ አንዱ ከበሩ በላይ ስለሆነ በሚኒሞ አይስብም፣ ቤንዚን ሲሰጠው ነው የሚስበው። ሌላው ሁልጊዜ ይስባል። ጣት አስጠግቶ መለየት ይቻላል፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የዲስትሪቢዩተሩ ቆርቆሮ ደህና መሆኑን ቱቦውን በአፌ ስቤ በምላሴ ዘጋሁት፤ ከያዘ ላስቲኩ አልተቀደደም። የሚያፏጨውን ቀዳዳ ለማግኘት ደግሞ አንድ ሜትር ጎማ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ሌላውን ጫፍ በየመጋጠሚያው አዞርኩት።

ጌጅ ያላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። መጽሐፉ ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ከ17 እስከ 21 ኢንች ያሳያል ይላል፤ ያ ግን ለባሕር ዳርቻ ነው። በየ300 ሜትር ከፍታው ወደ 1 ኢንች ይቀንሳል፤ አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ስለሆነች እዚህ ከ9 እስከ 13 ቢያነብ ሞተሩ አልታመመም። በዚህ ምክንያት ጤነኛ ሞተር የፈቱ አይቻለሁ።

ከደፈንኳቸው አራቱ መደፈን የነበረበት አንዱ ብቻ ነው። ካርቡራተሯ የተቀየረ ኖሯል፤ ለሌላ አገር ገበያ የተሠራ፣ ትርፍ አፍ ያለው። አሜሪካ ይሄዱ የነበሩት ለጭስ ሕጉ ሲባል ቱቦ ይበዛባቸው ነበር። እሱን በብሎን ሳይሆን በጎማ ክዳን ዘጋሁትና ለሐጂ አሳየኋቸው።

የእጅ ዋጋ አልቀበልም አልኩ፤ የጎማውን ግን በግድ ከፈሉኝ። ፍሬኑን ረገጡት፣ ፈገግ አሉና «እግሬ ደህና ነው ለካ» አሉ። ከዚያ ወርደው መነጽራቸውን አደረጉና ኮፈኑ ስር አጎነበሱ።

«ይሄኛው የምን ነው?»

ነገርኳቸው።

«ይሄስ ከየት ነው የሚመጣው?»

በጣቴ ተከትዬ አሳየኋቸው። ከአንዋር መስጂድ የአሱር አዛን ሲሰማ ገና ሦስተኛው ቱቦ ላይ ነበርን።