ልጅን በቋንቋው ቁና መስፈር

ገበሬ እህሉን ጭኖ ወደ ገበያ ሲወጣ ከእህሉ ጥራት ሌላ የሚያሳስበው ነገር የነጋዴው ቁና ነው። ቁናው ከሰፋ፥ እህሉ ያው እህል ሳለ፥ ባለቤቱ የድካሙን ዋጋ ሳያገኝ ይመለሳል። ትምህርትም እንዲሁ ቁና አለው። በየክፍሉ ያለ ተማሪ ዓመቱ ሲፈጸም ምን ማንበብ፥ ምን መጻፍ፥ ምንስ አስረድቶ መናገር እንደሚገባው የሚወስነው ሰነድ የትምህርት መለኪያ ይባላል። መጽሐፉ የሚዘጋጀው፥ መምህሩ የሚሠለጥነው፥ ፈተናው የሚወጣው በእርሱ ስለ ሆነ፥ የወረቀት ነገር ነው ተብሎ የሚናቅ አይደለም። እኛም በመሥሪያ ቤት ወረቀት መካከል የምንውል ሰዎች፥ በአንድ ገጽ ላይ የሰፈረ ቃል በሩቅ ያለውን ሰው ኑሮ ሊያቃና ወይም ሊያጣምም እንደሚችል እናውቃለን። ስለዚህ በአሜሪካ አገር በእስፓንኛና በእንግሊዝኛ ለሚማሩ ልጆች ስለሚዘጋጀው የእስፓንኛ ትምህርት መለኪያ ያሰብነውን ለአንባቢዎቻችን ልናካፍል ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው፥ እስፓንኛ በዚያ አገር እንግዳ ቋንቋ አለመሆኑ ነው። በ1848 ሜክሲኮ በጓዳሉፔ ኢዳልጎ ውል ሰፊውን የሰሜን ግዛቷን ለአሜሪካ ስትለቅ፥ በዚያ የነበሩት ሰዎች ከቤታቸው ሳይነሡ መንግሥታቸው ተለወጠ። ኒው ሜክሲኮ በ1912 ክፍለ ግዛት ስትሆን፥ እስፓንኛ ተናጋሪ ልጆችን የሚያስተምሩ መምህራን ሁለቱንም ቋንቋዎች አውቀው እንዲሠለጥኑ ሕገ መንግሥቷ ደነገገ። ቴክሳስ ግን በ1918 በሕዝብ ትምህርት ቤቶች ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ በሕግ አስገደደች። በፖርቶ ሪኮም ከ1898 በኋላ እንግሊዝኛን የትምህርት ቋንቋ ለማድረግ ብዙ ከተሞከረ በኋላ፥ እስፓንኛ ወደ ቦታው የተመለሰው በ1949 ነው። የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ኮሚሽን በ1972 ባወጣው ሪፖርት፥ በደቡብ ምዕራቡ አገር ልጆች በትምህርት ቤት እስፓንኛ በመናገራቸው ይቀጡ እንደ ነበር ገልጿል።

የተሳሳተ ቁና የሚያደርሰውን ጉዳት ግን በ1970 በካሊፎርኒያ የታየው የፍርድ ቤት ክርክር ከሁሉ ይልቅ ያሳያል። የሜክሲኮ ተወላጅ የሆኑ ዘጠኝ ልጆች በደንብ በማያውቁት በእንግሊዝኛ የአእምሮ ፈተና ተሰጥቷቸው፥ አእምሯቸው ደካማ ነው ተብሎ ለብቻ ክፍል ተመድበው ነበር። በቤታቸው ቋንቋ እንደገና ሲፈተኑ አብዛኞቹ ከተወሰነው መስመር በላይ ሆነው ተገኙ። ክርክሩ በስምምነት ሲያልቅ እንዲህ ያሉ ልጆች በገዛ ቋንቋቸውም እንዲፈተኑ ተወሰነ። ልጆቹ ያው ነበሩ፤ የተለወጠው ቁናው ነው።

በጎ ጅምርም አልጠፋም። በ1963 በማያሚ ከተማ ኮራል ዌይ የተባለው ትምህርት ቤት የኩባ ስደተኞችን ልጆችና እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆችን በአንድነት በሁለቱም ቋንቋዎች ማስተማር ጀመረ። በ1968 የፌዴራሉ መንግሥት የሁለት ቋንቋ ትምህርት ሕግ አወጣ። ካሊፎርኒያ በ1998 ይህን ትምህርት በሕዝብ ድምፅ ካጠበበች በኋላ፥ በ2016 እንደገና በሕዝብ ድምፅ ፈቀደች። በዚያ አገር ከ40 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው በቤቱ እስፓንኛ ይናገራልና፥ ሁለቱን ቋንቋ በሚያስተምሩት ትምህርት ቤቶች ዘንድ ጥያቄው «እስፓንኛ ይማሩን?» ከሚለው አልፎ «በምን መለኪያ ይማሩ?» ወደሚለው ደርሷል።

በ2010 ብዙ ክፍለ ግዛቶች የተቀበሉት የጋራ የእንግሊዝኛ ትምህርት መለኪያ ወጣ። ቀላሉ መንገድ ይህንኑ ወደ እስፓንኛ መተርጎም ነበር። ነገር ግን የእንግሊዝኛ ንባብ መለኪያ የተሠራው ለእንግሊዝኛ ችግር ነው። እንግሊዝኛ አንዱን ድምፅ በብዙ ዐይነት ስለሚጽፍ፥ ሕፃኑ ፊደልን ከድምፅ ጋራ ለማስታረቅ ብዙ ይደክማል። እስፓንኛ ግን አጻጻፉ ከአነባበቡ ብዙ ስለማይርቅ፥ ሕፃኑ ማ፥ ሜ፥ ሚ፥ ሞ፥ ሙ እያለ በክፍለ ቃል ማንበብ ይጀምራል፤ ሀ ሁ ሂ ብሎ ፊደል የቆጠረ አንባቢያችን ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የእስፓንኛ ችግር ሌላ ነው። «ፓፓ» ከሚለው ቃል መጨረሻ ላይ ትንሺቱ ጭረት ብትቀር አባት የነበረው ድንች ይሆናል። «አብሎ» የሚለውም ቃል በመጨረሻው ፊደል ላይ ጭረት ሲያገኝ «እናገራለሁ» ማለቱ ቀርቶ «ተናገረ» ማለት ይሆናል። እኛም «አለ» የሚለውን ቃል ስናጠብቀውና ስናላላው ትርጉሙ ይለወጥብናል፤ ነገር ግን በጽሕፈት ምልክት አንሰጠውም። ደግሞም በእስፓንኛ አንድ ድምፅ ያላቸው ሁለት ፊደላት፥ ከነጭራሹ ድምፅ የሌላትም ፊደል አሉ፤ በሀ፥ በሐና በኀ ለምንቸገር ለእኛ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል የተገለበጠ መለኪያ ይህን ሁሉ አያውቅም። በሳን ዲየጎ አውራጃ የትምህርት ጽሕፈት ቤት መሪነት የተዘጋጀው የእስፓንኛ ቅጂ ስለ ጭረቱና ስለመሳሰለው በእንግሊዝኛው የሌለ ጭማሪ የገባበት ስለዚህ ነው። ቴክሳስም በበኩሏ ለእስፓንኛ ንባብና ጽሕፈት ለብቻው የተጻፈ መለኪያ አላት።

ሁለተኛው ጥያቄ ከዚህ ይከብዳል፤ ይኸውም «የማን እስፓንኛ?» የሚለው ነው። ልጆች በክር ይዘው በነፋስ የሚያበሩት የወረቀት መጫወቻ በሜክሲኮ «ፓፓሎቴ»፥ በጓቲማላ «ባሪሌቴ»፥ በፖርቶ ሪኮ «ቺሪንጋ»፥ በስፔን «ኮሜታ» ይባላል። «ጓጓ» በኩባ አውቶቡስ ሲሆን በኢኳዶር ተራሮች ሕፃን ነው። መለኪያው አንዱን ብቻ ትክክል፥ የቀረውን ስሕተት ቢል፥ የሚፈርደው በልጁ ብቻ ሳይሆን ቃሉን ባስተማረችው እናትም ላይ ነው።

ይህን የምንጽፈው ከሩቅ ሆነን አይደለም። እኛም ከገጠር መጥተን በከተማ ትምህርት ቤት ስንገባ፥ «ከቤት» በማለት ፈንታ «ተቤት» በማለታችን የክፍሉ መሣቂያ ሆነን ነበር። «ከቤት» የመጽሐፉ ቃል መሆኑን መማራችን ተገቢ ነበር፤ «ተቤት» ግን የአያቶቻችን ቃል እንጂ ጥፋት አለመሆኑን የነገረን ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲያ መልሱን እያወቅን እጃችንን ለማውጣት የፈራንበት ጊዜ ብዙ ነው። መልካም መለኪያ ሁለቱንም ያስተምራል፤ የጋራውን የጽሕፈት ቋንቋ ይሰጣል፥ የቤቱንም ቃል አያስጥልም።

ባህልን ያከበረ ትምህርት ሲባል በበዓል ቀን ባርኔጣ ደፍቶ መዝፈን የሚመስላቸው አሉ። አሜሪካዊቱ የትምህርት ሊቅ ግሎሪያ ላድሰን ቢሊንግስ ግን በ1995 ባሳተሙት ጽሑፍ ሦስት ነገሮችን በአንድነት ጠይቀዋል፤ ተማሪው በትምህርቱ እንዲበረታ፥ ባህሉን እንዳይለቅ፥ የሚኖርበትንም ኅብረተሰብ እያስተዋለ እንዲመረምር። ስለዚህ መለኪያው ልጁ የአያቱን ተረትና እንቆቅልሽ ሰምቶ በጽሑፍ እንዲያሰፍር፥ ኮሪዶ የተባለውን ታሪክ ነጋሪ ዘፈን እንደ ቅኔ እንዲመረምር፥ ቶማስ ሪቬራ ከአዝመራ ወደ አዝመራ ስለሚዘዋወሩ የእርሻ ሠራተኞች ጽፎ በ1971 ያሳተመውን መጽሐፍ እንዲያነብ ቢጠይቅ፥ ትምህርቱን ከፍ ያደርገዋል እንጂ አያዋርደውም። ለእናቱ በሐኪም ቤት የሚያስተረጉመው ልጅም ትልቅ ሙያ እየፈጸመ ነውና፥ ይህን ችሎታ የማይቆጥርለት ቁና ጎዶሎ ነው።

ልጆቻችን በእንግሊዝኛ ወደ ኋላ ይቀሩብናል ብለው የሚሠጉ ወላጆች አሉ፤ እንጀራ በእንግሊዝኛ በሚገኝበት አገር ሥጋታቸው የሚናቅ አይደለም። ሆኖም በሚያውቀው ቋንቋ ማንበብን የተማረ ልጅ፥ በሁለተኛው ቋንቋ ማንበብ ምን እንደ ሆነ እንደ አዲስ አይማርም፤ የሚጨምረው አዲሱን ቋንቋ ነው። በእስፓንኛ «ናሲዮን» የሚለውን ቃል ያወቀም ልጅ በእንግሊዝኛ «ኔሽን» ሲባል አይደናገርም። ነገር ግን ለልጁ ከማዘን የተነሣ ቀላል ነገር ብቻ መጠየቅ ሌላ በደል ነው። ቁናን ማስተካከል ቁናን ማጉደል አይደለምና።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በአገራችን በ1994፥ በእኛ አቆጣጠር በ1986 ዓ.ም.፥ የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች በአንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ መንገድ ከፍቷል። አማርኛ መጥበቅን በጽሕፈት አያሳይም፤ ኦሮምኛ ግን መጥበቅንም የድምፅ መርዘምንም ፊደል እየደገመ ያሳያል። ስለዚህ የአንዱን የንባብ መለኪያ ገልብጦ ለሌላው መስጠት አይበጅም። በዋሽንግተን አካባቢ በሰንበት ቀን ልጆቻቸውን አማርኛ የሚያስተምሩ ወገኖቻችንም፥ እነዚያ ልጆች ቤታቸውን በአማርኛ፥ ትምህርት ቤታቸውን በእንግሊዝኛ የሚያውቁ መሆናቸውን ልብ ቢሉ ይጠቀማሉ።

እንግዲህ መለኪያ ለመጻፍ ብዕር የምናነሣ ሁሉ፥ ለምንሰፍረው ቋንቋ ጠባይና ቋንቋውን ከእናቱ አፍ ለተቀበለው ልጅ እንጠንቀቅ። ልጅ እንደ እህል ወደ ጎተራው ተመልሶ እንደገና አይሰፈርም፤ በተሳሳተ ቁና ያለፈበት ዓመት ከዕድሜው ላይ የተቀነሰ ነው።