ከሩቅ መሳለም

ልጅ ይዛችሁ ሥዕል ለማየት ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? ገና ካልሄዳችሁ የኔን ጥፋት ልንገራችሁ፤ እናንተ እንዳትደግሙት።

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስድስት ዓመት የሞላትን ልጄን ይዤ ከተማችን ውስጥ ወዳለ አንድ ጋለሪ ገባሁ። መግባታችንን የወሰንኩት እዚያው መኪና ውስጥ ነው። ከልደት ግብዣ እየተመለስን ነበር። ልጄ ኬክ ጠግባለች፣ እንቅልፏም መጥቷል፤ እኔ ግን እግረ መንገዳችንን አንድ ቁም ነገር ላሳያት ብዬ አሰብኩ። ከገባን አምስት ደቂቃ ሳይሞላ፣ ስልኬ ላይ የመጣ መልእክት ሳነብ፣ ቀለሙ ወፈር ብሎ የተቀባ አንድ ትልቅ ሥዕል ጋ ሄዳ በመዳፏ ደባበሰችው። ጥበቃው ከወዲያ ጥግ ጮኸ። እሷ ደንግጣ አለቀሰች። እኔ ደግሞ ይቅርታ በመጠየቅ ፈንታ ተቆጣሁ። «ልጅ ናት እኮ! ምን አደረገች?» ብዬው እጇን ይዤ ወጣሁ።

መኪና ውስጥ እንባዋን እየጠረገች «እማዬ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ ወይስ ሰውየው?» አለችኝ።

«ሰውየው ነው» አልኳት።

ይቺ መልስ ለወራት ስትከነክነኝ ቆየች። ልጄ ሥዕሉን የነካችው ስለማታውቅ ነው። እኔ የዋሸኋት እያወቅኩ ነው። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ አንድ ምርት ለማስተዋወቅ ሁለት ወር እቅድ አወጣለሁ፣ ወንበሩን ሳይቀር እቆጥራለሁ። ልጄን ሥዕል ለማሳየት ግን ለሁለት ደቂቃ እንኳ አልተዘጋጀሁም ነበር።

ስለዚህ ለሁለተኛው ጊዜ እንደ ሰው ተዘጋጀሁ። የመረጥኩት ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ነው። ሕንፃው የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው የሰጡት። ለቤተሰብ የሚመቸው በአንድ ጣሪያ ሥር ሁሉም ስላለ ነው። አዋቂው የገጠሩን የኑሮ ዕቃ፣ መስቀሉንና የጥንቱን ሥዕል ያያል፤ ልጅ ደግሞ የንጉሡን መኝታ ቤትና መታጠቢያ ክፍል አይታ ለሳምንት የምታወራው ታገኛለች።

ለመሄድ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የመግቢያ ሰዓት ይለወጣል፣ የበዓል ቀን ይዘጋል፣ የምሳ ሰዓትም ሊያጋጥማችሁ ይችላል። ግቢው የዩኒቨርሲቲ ስለሆነ በር ላይ ፍተሻ አለ፤ መታወቂያችሁን አትርሱ። ትልቅ ቦርሳ ቤት ይቅር። ልጅ ጀርባዋ ላይ ቦርሳ አንጠልጥላ ዞር ስትል ከኋላዋ ያለውን እንደማታይ አስቡት። ጠዋት ሂዱ፤ ልጆቹ ቁርስ በልተው፣ መጸዳጃ ቤት ገብተው። ውኃም ሆነ ብስኩት ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ፎቶ ማንሳት ይቻል እንደሆነ በሩ ላይ ጠይቁ፤ ቢፈቀድም የስልካችሁን ፍላሽ አጥፉ። ልጃችሁ መሳል የምትወድ ከሆነ ደብተርና እርሳስ ያዙላት። እስክሪብቶ ግን አይሆንም፤ እርሳስ ቢያመልጥ ይጠፋል፣ የእስክሪብቶ ቀለም አይለቅም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሁሉንም በአንድ ቀን ለማየት አትሞክሩ። ለስድስት ዓመት ልጅ አንድ ሰዓት ከበቂ በላይ ነው።

ከዚህ ሁሉ ግን የጠቀመኝ ቤት ውስጥ የሠራነው ነው። ልጅን «አትንኪ» ማለት ቀላል ነው፤ ለምን እንደሆነ ካልገባት ግን ዞር ስትሉ ትነካለች። አንድ ቀን ቅቤ የተቀባ ዳቦ በልታ ስትጨርስ ጣቷን መስታወት ላይ እንድታሳርፍ አደረግኳት። አሻራው ቁልጭ ብሎ ታየ። ከዚያ እጇን በሳሙና አስታጥቤ፣ ትንሽ ተጫውታ ስትመለስ በድጋሚ አስነካኋት። አሁንም አሻራ አለ። «ንጹሕ እጅም ወዝ አለው» አልኳት። ቀጥሎ የሳሎናችንን መጋረጃ አሳየኋት፤ ፀሐይ የሚያገኘው በኩል ቀለሙ ለቋል፣ እጥፋቱ ውስጥ ያለው ግን እንደ አዲስ ነው። ብርሃን ቀለምን የሚበላው ቀስ በቀስ ነው፤ የተበላው ደግሞ አይመለስም። ሥዕሎቹ ያሉበት ክፍል ደብዘዝ ብሎ ብታገኙት መብራት መቆጠብ አይምሰላችሁ።

የኛ አገር ጥንታዊ ሥዕሎች ደግሞ በተለይ ስስ ናቸው። ብዙዎቹ የተሳሉት በእንጨት ገበታ ላይ ነው። መጀመሪያ እንጨቱ ነጭ ልባጥ ይቀባል፣ ቀለሙ ከዚያ በላይ ያርፋል። እንጨት ክረምትና በጋ በተፈራረቀ ቁጥር ይነፋል፣ ይኮማተራል፤ ልባጡና ቀለሙ ግን እንደ እንጨቱ መሳሳብ አይችሉም። ስለዚህ ይሰነጠቃሉ፣ ከቦታቸው ይነሣሉ። እንዲህ የተነሣ ቀለም ለመርገፍ አንድ ጣት ይበቃዋል።

ይህን ሁሉ ለልጄ ሳዘጋጅ ግን አንድ ሰው ረስቼ ነበር፤ እናቴን።

እናቴ መጀመሪያ አልሄድም ብላ ነበር። «እሱ የተማረ ሰው ቦታ ነው፣ እኔ ምን ላደርግ?» አለች። የልጅ ልጇ ለምና አስነሣቻት። ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ መጣች። የንጉሡን መኝታ ቤት አይታ «ይኸው ነው እንዴ?» ብላ ተገረመች፤ ከጠበቀችው አንሶባት ነው። ልጄ እጆቿን እንደተለማመድነው ወደ ኋላ አጣምራ ከፊት ከፊት ትሄዳለች።

ከዚያ የቅዱሳን ሥዕሎች ያሉበት ክፍል ገባን። እናቴ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፣ ሚካኤልና ገብርኤል ግራና ቀኝ ሰይፍ ይዘው የቆሙበት ሥዕል ፊት ደረሰች። ሌላ ነገር ሁሉ የጠፋባት መሰለች። አማተበች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ወደ ሥዕሉ ጎንበስ አለች። ልትሳለም ነው።

«እማማ፣ እባክዎ አይነካም» አለ ጥበቃው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እናቴ ባለችበት ቀረች። ልጄ ግን የምታየው እሷንም ጥበቃውንም አልነበረም። ቀጥ ብላ እኔን ታየኛለች። ጥያቄዋን መኪና ውስጥ ሰምቼዋለሁና ሳትናገር ገባኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ አፌ ላይ የመጣው ያው የድሮው ነው። «አሮጊት ናቸው እኮ! እምነታቸው ነው!» ልል ነበር። ደግሞም እኮ እምነቷ ነው። ሥዕሉን የሳለው ሰው ሲስለው ጸሎት ሊደረስበት፣ ሊሰገድለት እንጂ ቁጥር ተለጥፎበት ግድግዳ ላይ እንዲቆም አልነበረም። ከኛ ሁሉ ሥዕሉን እንደ ሠሪው ሐሳብ ያየችው እናቴ ነች። ጥበቃውም ግን አላጠፋም።

ትንፋሼን ዋጥኩና «ልክ ናቸው፤ እኔ ነኝ አስቀድሜ ያልነገርኳት፣ ይቅርታ» አልኩ።

እናቴ ቀና ብላ ጥበቃውን አየችው። «ልጄ፣ ሳልነካ መስገድስ ይከለከላል?» አለችው።

«ኧረ አይከለከልም፣ እማማ።»

ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። ከዚያው ከሩቅ ሦስት ጊዜ እጅ ነሣች። ቀና ስትል ፊቷ ላይ ቅሬታ አላየሁም። «ድሮስ ቤተ ክርስቲያኑን ከመንገድ ላይ አይደል የምንሳለመው?» አለች፤ ለኛም ለራሷም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አላቀድኩትም። እናቴ አስጎብኚያችን ሆነች። ብዙ ያልተማረችው፣ «የተማረ ሰው ቦታ ነው» ያለችው ሴት፣ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አነበበችልን። በነጭ ፈረስ ላይ ያለው ጊዮርጊስ ለምን ዘንዶውን እንደሚወጋ፣ ነጠላ የለበሰ የሚመስለው ሽማግሌ ማን እንደሆነ፣ ሁሉንም ታውቃለች። እኔ ከንባብ የማውቃትን አንዲት ነገር ጨመርኩ፤ በባህላዊ ሥዕላችን ደጉ ሰው በሁለት ዓይኑ ያየናል፣ ክፉው ግን ፊቱ በጎን ስለሚሳል አንድ ዓይን ብቻ ነው የሚኖረው። የዓድዋን ጦርነት በሚያሳዩ ሥዕሎችም ወገንና ጠላት የሚለየው በዚሁ ነው። ልጄ ይህን ስትሰማ ባለ አንድ ዓይን ፍለጋ ጀመረች። ጥበቃውም ትንሽ ራቅ ብሎ ይሰማን ነበር። እኛ ደግሞ አንድ ሰዓቱ ማለፉን እንኳ አላወቅንም።

ስንወጣ ውጭ ያለውን ጠመዝማዛ ደረጃ ልጄ ቆማ አየችው። በወረራው ጊዜ ጣሊያኖች የፋሺስት አገዛዝ ዘመናቸውን ለመቁጠር የሠሩት ነው፤ ከነጻነት በኋላ ጫፉ ላይ አንበሳ ተቀመጠበት። «ይሄስ ይነካል?» አለች። ሳቅን።

ማታ ስታስተኛኝ ልበል ወይስ ሳስተኛት፣ ሁለታችንም ደክሞን ነበር፣ «ያኔ የጠየቅሽኝ ትዝ ይልሻል? ሰውየው አላጠፋም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኳት። ትንሽ አሰበች። «እኔም ትንሽ አጥፍቻለሁ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች።

ቀጣዩ እቅዳችን እዚያው ስድስት ኪሎ አካባቢ ያለው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ነው። ሐረር ተወልዶ ጀርመን የተማረው ሠዓሊና ገጣሚ ሥራዎቹ እዚያ አሉ። እናቴ ዘመናዊ ሥዕል ምን እንደሚላት አላውቅም። ቀኑን ግን ቆርጠናል፣ እሷም «ነጠላዬን ልጠብ?» ብላ ጠይቃለች። እናንተም ስትሄዱ አያቶችን አትርሱ። ሕጉን ግን ቤት ውስጥ ለነሱም ንገሯቸው፤ ለልጆቹ ብቻ አይደለም።